ሲወርድ ይታሰራል

እስከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ሮጬ መመለሴ ነው። አንድ እግር ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ልመለስለትም አልቻልኩም። ወንድሜ የለም። ዳቦ ሻጩ "አላየሁም" አለኝ፤ ግን ሲመልስልኝ አይን አይኔን አላየኝም፣ ሚዛኑን ነበር የሚያየው። አይቶት ይሆናል። ላያየውም ይችላል። "ምን ጠፋብሽ?" ሲለኝ "ድመት" አልኩት። ምን ልበለው?

አጎቴ በሌላኛው መንገድ መኪናውን አስነስቶ ወጥቷል፣ እስካሁን አልተመለሰም። አክስቴ በሩ ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። እኔ ኩሽና ገብቼ ይሄን እጽፋለሁ። ነገ ሰው ስለ አጎቴ ብዙ ነገር ማውራቱ አይቀርም፣ ከዛ በፊት እኔ የማውቀውን ላስቀምጥ። ሆሄው ቢሳሳትም ነገሩ አይሳሳትም።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። እናታችን ካለፈች በኋላ እኔንና ወንድሜን ያሳደገን እሱ ነው። ስራው መንጃ ማሰልጠን ነው። ሰፈሩ "ጋሼ መስታወት" ነው የሚለው። ተማሪው ገና ቁልፉን ሳያዞር አጎቴ "መስታወት" ይላል። ማርሽ ሲያስገባ "መስታወት"። መኪናውን አቁሞ ሊወርድ ሲል ራሱ "መስታወት"። "ከፊትህ ያለው ምን ያደርግሃል፣ እያየኸው ነው፤ የሚበላህ ከኋላ የሚመጣው ነው" ይላቸዋል።

ይሄን የሚለው ለመኪና ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሀኪም ያዘዘለትን ኪኒን ሌላ ሀኪም ሳያሳይ አይውጥም። ሰው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለው "ምን ፈልጎ ነው?" ይላል። ሰላም ሳይለው ካለፈ ደሞ "ምን ሰምቶ ነው?" ይላል። አክስቴ "የተጋባን ቀን እንኳ እኔ መሆኔን ሁለቴ አይቶ ነው የፈረመው" ትላለች። እሱ ደሞ አይስቅም፤ "ታድያ ስንቱ ተታሏል" ነው የሚላት።

መኪናውን ጋራዥ አይወስድም። "ጋራዥ የገባ መኪና ኦፕራሲዮን እንደተደረገ ሰው ነው፣ ምን እንዳወጡበት አያውቅም" ይላል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ግቢ ውስጥ ራሱ ይሰራል። ሆኖለት አይደለም፤ አንዳንዴ ሰርቶ ሲጨርስ የተረፈ ብሎን ይኖራል። ያንን ኪሱ ከቶ ዝም ይላል።

ሰሞኑን መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ከፊት በግራ በኩል "ጓ" ማለት ጀመረ። ፍሬን ሲያዝ ደሞ መሪው ወደ ጎን ይስባል። ፈታኙ "በዚህ መኪና ተማሪ አልፈትንም" ብሎ መለሰው። ያለቀው ጎሚኒው ነበር። ጎማውን ከመኪናው ሆድ ጋር የሚያገናኝ ብራቾ የሚሉት ብረት አለ። ብራቾው ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው ውስጥ የብረት ቀለበት የለበሰ ላስቲክ ይገባል። ጎሚኒ ማለት እሱ ነው። ብረትና ብረት እንዳይጣሉ መሀል ገብቶ ዱላውን የሚቀበል። ተማሪ በየቀኑ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ እየወጣበት ምን ይሁን።

በደህና ጊዜ ቢሆን ይሄ ቀላል ነገር ነው። ቤታችን ግን ደህና አልነበረም።

ወንድሜ የጨርቅ መጋዘን ጥበቃ ነበር። ከመጋዘኑ ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ ጠፋና አብረውት የሚጠብቁት ተያዙ። እሱ ያን ቀን ተረኛ አልነበረም፤ ወሬውን ሲሰማ ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ሲገባው ወደ ቤት መጣ። "አልነካሁም" አለ፣ ከንፈሩ ደርቆ። አጎቴ አተኩሮ አየው። ከዛ መሰላል አምጥቶ ወደ ቆጡ አወጣው። ቆጡ ከጣሪያው ስር ያለች ጠባብ ቦታ ናት፣ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ወንበር የምናስቀምጥባት። ወለሏ ሳንቃ ስለሆነ ከታች የሚወራው ቃል ይሰማል፣ የሚሰራው ግን አይታይም። አንዲት ትንሽ መስኮት አለቻት፣ ወደ ጓሮ የኩሽናው ቆርቆሮ ላይ የምትከፈት።

አጎቴ እራት ይዞ ይወጣና አጠገቡ ይቀመጣል። ከዛ መጠየቅ ይጀምራል፣ ተማሪ እንደሚፈትነው እየዞረ።

"ጨርቁ ቀለሙ ምን ነበር?"

"አላየሁትም እኮ አጎቴ።"

"ሳታየው ነው ስትጠብቀው የከረምከው?"

በሌላ ቀን "አንዱ ጥቅል ለአንድ ሰው ይከብዳል?" ይለዋል። ወንድሜ "ይከብዳል" ካለው "በምን አወቅክ?" ነው የሚለው። አንድ ቀን ወንድሜ መረረውና "ቆጥ ነው ያወጣኸኝ ችሎት?" አለው።

"ሌላ ሰው ሳይጠይቅህ እኔ ልጠይቅህ ነው" አለው አጎቴ። "መልስህ የሚወላገድ ከሆነ እዚሁ እኔ ጋ ይወላገድ።"

እኔ መሰላሉ ስር ሆኜ ሰምቻለሁ። እኔ የገባኝ ሊያለማምደው እንደሆነ ነው። ወንድሜ ግን "አጎቴ አላመነኝም" ብሎ ነው የያዘው። ሳህኑን ሲመልስልኝ "እሱ ራሱ ነው አንድ ቀን የሚያስይዘኝ" አለኝ። ዝም በል አልኩት።

ከኛ ቤት ሁለተኛው ግቢ ሃምሳ አለቃ ይኖራል። ፖሊስ ነው፣ ግን ሰው ሲይዝ አይተነው አናውቅም፤ የፖሊስ መኪናዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነው የሚሰራው። አጎቴ በበራፉ ሲያልፍ መኪናው "ጓ" ሲል ሰማና አስቆመው። "ጋሼ፣ መኪናዎ ጉልበቱን ያመዋል" አለው። "ጎሚኒውን ይግዙት፣ እኔ አስገባልዎታለሁ። መጭመቂያው እኔ ጋ አለ።"

አጎቴ ቤት ገብቶ ቁጭ ብድግ አለ። "እሺ ካልኩት ፖሊስ በገዛ እጄ ግቢዬ አስገባሁ ማለት ነው። እምቢ ካልኩት ‘ምን ደብቆ ነው’ ይላል" አለ ለአክስቴ።

"እና ምን ይሻላል?"

"እሺ ማለት። የሚደብቅ ሰው እሺ አይልም።"

"እሱም እንዳንተ ቢያስብስ? ‘እሺ ያለኝ እንዳልጠረጥረው ነው’ ቢልስ?"

አጎቴ ይሄን አላሰበውም ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። ግን ጎሚኒው ተገዝቶ ነበር፣ ሃምሳ አለቃም ለዛሬ ከሰአት ብሎ ነበር።

ለወንድሜ ተነገረው። "ሃምሳ አለቃ መኪናውን ሊሰራ ይመጣል፣ እንዳትንቀሳቀስ፣ እንዳታስል" አለው አጎቴ። "ፖሊስ ጠራህብኝ?" አለ ወንድሜ። "አልጠራሁትም፣ መጣ እንጂ።" ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሃምሳ አለቃ ምሳ እንደበላ መጣ፣ አሮጌ ቱታ ለብሶ፣ ባልዲ ሙሉ ብረት ይዞ። አጎቴ የጎማውን ብሎኖች መኪናው መሬት ላይ እያለ አላላ፣ ከዛ በክሪክ አነሳው። ክሪኩን ስለማያምነው እንጨት ደረደረበት፣ እንጨቱን ስላላመነው ደሞ የወለቀውን ጎማ ከስር ጨመረበት። ሃምሳ አለቃ "ጥሩ ነው፣ ክሪክ ዘመድ አይደለም" አለ። አጎቴ በዚህ ደስ አለው መሰለኝ፤ ወዲያው ደሞ ደስ በማለቱ ተጠራጠረ።

ሃምሳ አለቃ ብራቾውን ሊፈታ ሲጎነበስ ሳቀ። አጎቴ ማንም እንዳይቀይርበት ብሎ እያንዳንዱን ብሎን በአክስቴ ጥፍር ቀለም ምልክት አድርጎበታል።

"ጋሼ፣ ብሎኖቹ ሰርግ አለባቸው እንዴ?"

"እንዳይጠፉ ነው።"

"ቀይ አይሄድባቸውም።"

ብራቾው ወረደ። አሮጌው ጎሚኒ በመጭመቂያው ሲወጣ እንደ ጥርስ ጮኸ። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ተረከዝ ሆኗል። ሃምሳ አለቃ ሊጥለው ሲል አጎቴ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ከዛ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዱት። አጎቴ አዲሱን ግሪስ ሊቀባው ነበር፤ "ግሪስ ላስቲክ ይበላል፣ ሳሙና ይበቃዋል" ተባለና እኔ ከማጥበው ልብስ የሳሙና ውሃ በጣሳ ሰጠሁ። ጎሚኒው ቀጥ ብሎ እየተጨመቀ ገባ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚያዩት። ለአፍታ ያህል ሁለት ጓደኛሞች ይመስሉ ነበር።

እኔ ልብስ የማሰጣው በግቢው ጎን ነው፣ ከፊት መኪናው፣ ከኋላ የጓሮው አጥር በሚታይበት። ሃምሳ አለቃ ጣሳውን ሲመልስልኝ ገመዱ ላይ ያለውን ሱሪ ዳሰሰው። የወንድሜ ሱሪ ነበር። "ጋሼ ከስተዋል እንዴ?" አለ። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና "የድሮ ሱሪው ውስጥ ሊገባ እየጾመ ነው፣ ተወው" አለች። ሳቀ። የሳቀው በምኑ እንደሆነ አላውቅም። ሱሪው ላይ እጁ ቆይቷል።

ከዛ ብራቾውን መልሰው ገጠሙት። ብሎኖቹ በእጅ ገቡ። ሃምሳ አለቃ በጀርባው ተኝቶ መኪናው ስር ገባ። እዚህ ጋ ያለውን ነገር በደንብ ላስረዳ፣ ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚህ ስለሆነ። የጎሚኒ ብሎን መኪናው በክሪክ ላይ እያለ አይታሰርም። ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ትንሽ ሳይቆይ ይቀደዳል። መጀመሪያ መኪናው ይወርዳል፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ያርፋል፣ ከዛ ነው ብሎኑ የሚታሰረው። አጎቴ ግን ያልታሰረ ነገር የሚያምን ሰው አይደለም። የብሎን ቁልፉን ይዞ ቆመ።

"እንግዲህ አሁን ይታሰር" አለ።

"አሁን አይታሰርም" አለ ሃምሳ አለቃ። መኪና ስር ያለ ሰው ድምፁ አይታወቀውም፣ ይጮሃል። "ላይ እያለ ከታሰረ ይጎዳል። መጀመሪያ ይውረድ።"

"ሳይታሰር ነው የሚወርደው? ቢያመልጥስ?"

"የት ይሄዳል ጋሼ? እኔ እዚሁ አይደለሁ?"

"እኔ እንጃ። ታስሮ ቢወርድ ነው የሚሻለኝ።"

"ይመኑኝ። እግሩ መሬት ይርገጥ ብቻ። ሲወርድ ይታሰራል።"

አጎቴ ሰው ማመን ሲያቅተው ጺሙን ያካል፣ አከከ። ከዛ "እሺ፣ እንዳልክ ይሁን። ቀስ ብለን እናውርደው" አለ።

እኔ ብሎኑን እያየሁ ነበር የምሰማው። ስለዚህ ምንም አልመሰለኝም። ጆሮዬ የነቃው ከኋላዬ የኩሽናው ቆርቆሮ ሲንኳኳ ነው። ዞር ስል ወንድሜ አጥሩ ላይ ነው። ባዶ እግሩን ነው። አየኝ። ከንፈሩን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰው፣ ግን ሁሉንም ሰማሁት።

"ሸጠኝ" አለ። "‘ሲወርድ ይታሰራል’ አለው። እሱም ‘እሺ’ አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"ብሎኑን ነው" አልኩት በከንፈሬ። ብጮህ ሃምሳ አለቃ ይሰማል። ባልጮህ ወንድሜ አይሰማም። ወደ አጥሩ አንድ ሁለቴ ተራመድኩ፣ "ጎሚኒው ነው፣ ጎሚኒው" እያልኩ በሹክሹክታ፣ እንደ እብድ። ዘለለ። በወዲያ በኩል መሬት ሲነካ ሰማሁ፣ የረገጣት የኩሽናው ቆርቆሮም ተነቅላ ተንጓጓች።

"ምን ወደቀ?" አለ ሃምሳ አለቃ ከስር።

"ድመት ነው" አለ አጎቴ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ከቆመበት ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ገባው። ምን እንደሰማ አልገባውም፣ መሄዱ ግን ገባው።

ሃምሳ አለቃ ከመኪናው ስር አልወጣም። እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዛ "ከባድ ድመት ነው" አለ።

አጎቴ የያዘውን ቁልፍ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"በሉ ጋሼ፣ ያውርዱት" አለና ሃምሳ አለቃ ከስር ወጣ።

ጎማው ገባ፣ እንጨቱ ተነሳ፣ አጎቴ ክሪኩን አላላ፣ መኪናው ወረደ። ክሪኩን ጥሎ መሮጥ ነበር የፈለገው፣ ያስታውቅበት ነበር። ግን ሮጠ ማለት ነገሩን በአፉ ተናገረ ማለት ነው። ሃምሳ አለቃ ከፊት ሆኖ መኪናውን በክብደቱ ደጋግሞ ጫን ጫን አደረገው፣ እንዲረጋ። ከዛ መልሶ ስር ገብቶ በረጅሙ ቁልፍ ማሰር ጀመረ። አልቸኮለም። ሰው እንዲህ ሳይቸኩል ሲሰራ አይቼ አላውቅም። አንዱን ይጨርስና ያርፋል፣ ሌላውን ይጀምራል። ሆን ብሎ እያቆየን ነው ወይስ ስራው እንደዛ ነው? እስካሁን አላወቅኩም።

ሲጨርስ እጁን ታጠበ። ሳሙናውን እያዞረ ወደ ኩሽናው ጣሪያ አየ። "ነገ ከስራ መልስ እመጣለሁ" አለ። "ትንሽ ከተነዳ በኋላ ብሎኑ መላላቱ አይቀርም፣ አንዴ መታየት አለበት። ያቺንም ቆርቆሮ አብረን እንመታታለን።"

"አትቸገር ሃምሳ አለቃ" አለ አጎቴ።

"ምን ችግር አለው? ጎረቤት አይደለን እንዴ።" ባልዲውን አንስቶ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ለአጎቴ የሆነውን ነገርኩት። "ሸጠኝ" ማለቱን ለመደበቅ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። አጎቴ መኪናው ጎን ላይ ቁጭ አለ፣ መሬት ላይ።

"እኔ? እኔ እሱን?" አለ።

አክስቴ ልትገስጸው አፏን ከፈተች። "በየማታው ወሰድክ ወይ፣ አየህ ወይ እያልክ..." ብላ ጀመረችና ፊቱን ስታየው ተወችው።

"ምን ብለን ነበር? ድገሚልኝ" አለኝ። ደገምኩለት፣ የሱንም የሃምሳ አለቃንም። "ቢያመልጥስ" ያለው ጋ ስደርስ አይኑን ጨፈነ። ቆይቶ "እኔም ቆጥ ላይ ብሆን እንደዛው ነበር የምሰማው" አለ። "ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም ነበር።"

ከዛ ተነሳና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። እኔ በዳቦ ቤቱ በኩል በሩጫ፣ እሱ በዋናው መንገድ በመኪና። ከግቢው ሲወጣ መስታወት አላየም። መኪናው ጉድጓዱን ሲያልፍ ምንም ድምፅ አላሰማም፣ በደንብ ነው የተሰራው።

አሁን ቁጭ ብዬ ሃምሳ አለቃን አስባለሁ። ስለ ብሎን ብቻ ነው ያወራው? ሱሪውን አይቷል። ከባድ ድመት ብሏል። ምናልባት ቆጥ ላይ ሰው እንዳለ አውቆ ነው ጮክ ብሎ "ሲወርድ ይታሰራል" ያለው፣ አስፈራርቶ ሊያስወጣው። ምናልባት ደሞ ሊያስመልጠው ነው፣ ሊነግረው። ወይም ምስኪን መካኒክ ነው፣ እኛ ነን ከጎሚኒ ውስጥ ይሄን ሁሉ የምናወጣው። አክስቴን ጠየቅኳት። "እንደ አጎትሽ ማሰብ ጀመርሽ" አለችኝ፣ ግን አይሆንም አላለችኝም።

የወንድሜን ስልክ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። መልእክት ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት፤ "ብሎን ነው፣ ተመለስ" ብል እሱም ሌላ ሰው አስጽፎኝ ይመስለዋል። የአጎቴን ስልክ ደወልኩ፣ እዚሁ መሳሪያ ሳጥኑ ላይ ጮኸ፣ ረስቶት ሄዷል። መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር አክስቴ ትነሳለች። አንዱ አሁን አለፈ። የኛ አይደለም።

ነገ ከስራ መልስ ሃምሳ አለቃ በሩን ያንኳኳል። ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም፣ አጎቴ ያገኘው እንደሆነና ቢያገኘውም ወንድሜ እንደሚያምነው አላውቅም፣ ለሃምሳ አለቃ በሩን ስንከፍትለት ምን እንደሚሆንም አላውቅም።